“ደጋግሞ ይነስረኛል” ላላችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ነስር ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ግን ስለ ተራው ነስር አይደሉም። “ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ አሁንም ይደማል” የሚሉ ናቸው። ከአንገት በላይ ሐኪም ሆኜ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳን ከሐሳቤ የማይወጡት እንዲህ ያሉት ታካሚዎች ናቸው። የዛሬው ዓምድ ለእነሱ ነው። ስም አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ “ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ይነስረኛል፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ላይ እያለሁ። ትራሴ ላይ ፎጣ አንጥፌ ነው የምተኛው። ሐኪም ቤት የሚደማውን ቦታ አቃጥሎ ለመዝጋት አፍንጫዬን ሦስት ጊዜ ተተኩሼያለሁ። ወር ሁለት ወር ይሻለኝና ይመለስብኛል። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን ክኒን እወስዳለሁ። አባቴም ይነስረው ነበር፤ በ50 ዓመቱ በስትሮክ አረፈ። አሁን ደግሞ የ9 ዓመት ልጄን ጀመረው። ‘የቤተሰብ ነገር ነው፣ ልመጂው’ ይሉኛል። ልልመደው?”

መልስ፦ አትልመጂው፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጥሩ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ቁሚ። ከንፈርሽን ገልብጠሽ ውስጡን እዪ። ምላስሽን አውጪና ጫፉንና ዳር ዳሩን ተመልከቺ። ከዚያ የጣቶችሽን ጫፍ እዪ። የስፒል ራስ የሚያህል ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነጥብ አለ? ካለ በብርጭቆ ቂጥ ጫን በዪው። ስትጫኚው ከደበዘዘና ስትለቂው መልሶ ከቀላ፣ ያ ነጥብ ጠቃጠቆ አይደለም። የሰፋ ደም ስር ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ እኔ ሁልጊዜ የማምነው ምላስንና የከንፈርን ውስጠኛ ክፍል ነው።

የጠረጠርኩት በሽታ ስሙ ረጅም ነው፤ ሄሬዲታሪ ሄሞራጂክ ቴላንጂኤክቴዥያ ይባላል። ሐኪሞች በአጭሩ ኤች ኤች ቲ ይሉታል። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ኦስለር-ዌበር-ረንዱ ተብሎ ነው የሚገኘው። ፈረንሳዊው ረንዱ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ኦስለር በ1901፣ ዌበር በ1907 የገለጹት በሽታ ስለሆነ ነው። ከ5,000 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። እንግዲህ ብርቅ ይባላል እንጂ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው መርማሪው ነው። ብዙ ሰው እንዳንቺ 20 ዓመት ሙሉ ከደማ በኋላ ነው ስሙን የሚሰማው።

ምን እንደሚሆን ላስረዳሽ። ደም ከልብ በኃይል ተገፍቶ ይወጣል። ወደ ልብ የሚመለሰው ግን እንደ ፀጉር በቀጠኑ ደም ስሮች ውስጥ አልፎ፣ ኃይሉ በርዶ ነው። ኤች ኤች ቲ ባለበት ሰው አንዳንድ ቦታ ላይ እነዚያ ቀጫጭን ደም ስሮች የሉም። ደም ወሳጁ ከደም መላሹ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ሳሳ ያለው ደም ስር ያን ሁሉ ግፊት ይሸከማል። አፍንጫ ውስጥ ደግሞ ከላዩ ያለው ሽፋን ስስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አየር ያደርቀዋል። አንቺ እንቅልፍ ላይ እያለሽ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ምንም አላጠፋሽም።

መተኮሱ ለምን እንዳልያዘልሽም ከዚህ ይገባሻል። ተራ ነስር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ መሃል ግድግዳ ፊተኛው ክፍል፣ ከአንድ ከታወቀ ቦታ ነው፤ ከ10 ነስሮች 9ኙ ያህሉ ከዚያ ነው። ያንን ሲልቨር ናይትሬት በሚባል የሚያቃጥል መድኃኒት ነካ ማድረግ ይበቃል። የአንቺ ግን አንድ ቦታ ሳይሆን ብዙ ቦታ ነው። አንዱ ሲዘጋ ጎረቤቱ ይከፈታል። በተደጋገመ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል።

ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሹፌር ነበረኝ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መጣ። ቀኙን ተኮስኩ። ግራውን ተኮስኩ። ደግሞ ቀኙን። በአራተኛው ሲተነፍስ ፉጨት ይሰማኝ ጀመር። መብራቱን አስጠግቼ ሳይ መሃል ግድግዳው ተበስቶ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሳይ በሌላው ብርሃን ይገባል። ዝም ብዬ ቆምኩ። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ዝግ ብላ፣ “ዶክተር፣ ምላሱን አይተውታል?” አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ምላሱን አወጣ። ጫፉ ላይ አምስት ቀይ ነጥቦች ነበሩ፤ አንዷ ዳር ላይ፣ አራቱ ተጠጋግተው። አራት ጊዜ ፊቴ ተቀምጦ አንዴም አፍህን ክፈት አላልኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነስር ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምላሱን ነው የማየው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በኩራሳኦ ደሴት ስም የሚጠራ መለኪያ አለ። አራት ነገር ይጠይቃል። ያለ ምክንያት የሚደጋገም ነስር አለ? ከንፈር፣ ምላስ፣ ጣት ወይም አፍንጫ ላይ እነዚያ ነጥቦች አሉ? ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ የተዛባ የደም ስር ግንኙነት አለ? ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት በሽታው አለበት? ከአራቱ ሦስቱ ከተሟሉ በሽታው አለ ይባላል። ሁለቱ ካሉ ይጠረጠራል። አንቺ የመጀመሪያው አለሽ። የአባትሽ ታሪክ አራተኛውን ያስጠረጥራል። ምላስሽ ላይ ነጥብ ካገኘሽ ደግሞ ይህን ገጽ ቀድደሽ ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አፍንጫሽ ቢደማም እኔን በዋናነት የሚያሳስበኝ ሳንባሽ ነው። ሳንባ ለደም እንደ ወንፊት ነው። ከእግር የሚመጣ ትንሽ የረጋ ደም፣ ከድድ የሚገባ ጀርም እዚያ ይቀራል። ሳንባ ውስጥ ደም ወሳጁና መላሹ ቀጥታ ከተገናኙ ግን ወንፊቱ ተቀዷል ማለት ነው። ያ ነገር አልፎ አንጎል ይደርሳል። ስትሮክ ወይም አንጎል ውስጥ መግል ያመጣል። የአባትሽ ስትሮክ ከዚህ ይምጣ አይምጣ ዛሬ ማወቅ አይቻልም። የአንቺ ሳንባ ግን ሊታይ ይችላል፤ ሊታይም ይገባል። ምርመራው ከባድ አይደለም። የተናጠ የጨው ውሃ፣ ጥቃቅን አረፋ ያለው፣ በክንድሽ ደም ስር ይሰጥሽና ልብሽ በአልትራሳውንድ ይታያል። አረፋው በሳንባ ወንፊት ቀርቶ ወደ ልብ ግራ ክፍል መድረስ የለበትም። ከደረሰ ሲቲ ስካን ይከተላል። የተገኘውን ክፍተት በቀጭን ቱቦ ገብቶ ከውስጥ መድፈን ይቻላል፤ ደረት አይከፈትም። ሌላ ልጅ ለመውለድ ካሰብሽ ይህ ምርመራ ከእርግዝና በፊት ይሁን። ክፍተት ካለ በእርግዝና ጊዜ ሳንባ ውስጥ ሊደማ ይችላልና። ሳንባሽ ነፃ መሆኑ እስኪታወቅ ጥርስ ከማስነቀልሽ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ንገሪው፤ ቀድሞ አንቲባዮቲክ መውሰድ ያስፈልግሻል።

ልጅሽስ? ከአንድ ወላጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ምላሱ ንጹሕ ቢሆን አትዘናጊ። ነስሩ በልጅነት ይጀምርና ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ ነው የሚወጡት። ያንቺ ከተረጋገጠ እሱም ይመርመር። የዘረመል ምርመራ ባለበት ቦታ መጀመሪያ የአንቺ ደም ይታያል፤ ስህተቱ ከተገኘ በልጁ ላይ እሱኑ መፈለግ ነው።

ሕክምናው ደረጃ አለው። መጀመሪያ እርጥበት ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ በመሃልም የጨው ውሃ ስፕሬይ፣ ሲተኙ ቅባት። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን በዚህ ብቻ ነስሩ በግማሽ የቀነሰለት ሰው አይቻለሁ። ይህ ካልበቃ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን አለ። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ቀድሞ እግር ወይም ሳንባ ላይ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምረው። ቀጥሎ ሌዘርና ሌሎች ነጥቦቹን አንድ በአንድ የሚያከስሙ ዘዴዎች አሉ። ለከበደው ደግሞ ከጭን ስስ ቆዳ ተወስዶ የአፍንጫው ግድግዳ ይሸፈናል። ቤቫሲዙማብ የተባለው በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒትም አዲስ የተዛቡ ደም ስሮች እንዳይበቅሉ ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ፖማሊዶማይድ የተባለ ክኒንም ነስሩን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምንም ያልያዘለት ሰው የአፍንጫው ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ይዘጋለታል። በአፉ ብቻ ይተነፍሳል፤ ጣዕምና ሽታ ይቀንስበታል። አየር ካልነካው ግን አይደማም። ይህን የመረጡ ሰዎች ምን ያህል ቢሰቃዩ እንደሆነ አስቢው።

አይረኑን በተመለከተ፣ “እወስዳለሁ” አልሽኝ፤ ፌሪቲንሽ፣ ማለትም ሰውነትሽ ያከማቸውን አይረን የሚያሳየው ቁጥር፣ ስንት እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። አስለኪው። በሳምንት አራት ጊዜ ለሚደማ ሰው ክኒን ብቻ ላይበቃ ይችላል። በደም ስር የሚሰጥ አይረን አለ።

አንድ ቀን ነስሩ አልቆም ብሎሽ ድንገተኛ ክፍል ከገባሽ፣ “በዘር የመጣ የደም ስር በሽታ እንዳለብኝ ተጠርጥሯል፤ ደረቅ ጋዝ አትወትፉብኝ” በያቸው። ደረቅ ጋዝ ሲወጣ ሽፋኑን ይዞ ይወጣል። በራሱ የሚሟሟ ወይም በደንብ ቅባት የተቀባ ነገር ይጠቀሙልሽ።

ጥያቄ፦ “የ15 ዓመት ወንድም አለኝ። ከስድስት ወር ወዲህ ግራ አፍንጫው ተደፍኗል፤ በዚያው በኩል ይነስረዋል። ሲነስረው ደግሞ ብዙ ነው፤ አንዴ ማስታጠቢያ ሞላ። አለርጂ ነው ተብሎ ስፕሬይ ተሰጥቶታል። ሌሊት ያንኮራፋል።”

መልስ፦ ሦስት ነገር ልብ አድርግ። ወንድ ልጅ ነው። ጉርምስና ላይ ነው። መደፈኑም መድማቱም በአንድ በኩል ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ እኔ አለርጂ አልልም። አለርጂ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ይይዛል።

አንጂዮፋይብሮማ የሚባል ዕጢ አለ። የሚያድገው ከአፍንጫ በስተኋላ ነው። የሚይዘው ከሞላ ጎደል ጎረምሳ ወንዶችን ብቻ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። ግን አጥንት እየገፋ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል አካባቢ ሊጠጋ ይችላል። ከውስጡ ደግሞ ደም ስር በደም ስር ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ መጣ። በኢንዶስኮፕ፣ ብርሃን ባለው ቀጭን መመልከቻ፣ ሳይ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሮዝ ነገር ከኋላ ተቀምጧል። ናሙና ልወስድ መቁረጫውን አነሳሁ። መምህሬ እጄን ያዘኝ። ቃል አልተናገረም፤ አንጓዬን ይዞ ቀስ ብሎ አወረደው። በኋላ ውጭ አውጥቶኝ፣ “ቆርጠሽው ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ወንበሩ ላይ ይሞትብሽ ነበር” አለኝ። አሁን እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ እነግራለሁ። ጎረምሳ ልጅ፣ አንድ ወገን፣ ነስር ከሆነ መጀመሪያ ሲቲ ወይም ኤም አር አይ ከነማቅለሚያው ይነሳል እንጂ ናሙና አይቆረጥም።

ስለዚህ ስፕሬዩን ጨርሰን እንይ ብላችሁ አትቆዩ። በዚህ ሳምንት ኢንዶስኮፕ ያለው የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ዕጢው ከሆነ ወደሱ የሚሄደው ደም ስር ከቀዶ ሕክምናው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ከውስጥ ይደፈናል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ይወጣል፤ ፊት ላይ ጠባሳ አይኖርም። ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው በምስል መከታተል ያስፈልጋል። ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ “19 ዓመቴ ነው። ሲነስረኝ 40 ደቂቃ ይቆያል። የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ እቀይራለሁ። ጥርሴን ያስነቀልኩ ጊዜ ሁለት ቀን ደማሁ። የደም ምርመራ ተደርጎልኝ ‘ደምሽ ጥሩ ይረጋል፣ ፕላትሌትሽም ደህና ነው’ ተባልኩ። እናቴ ‘የኔም እንዲሁ ነበር’ ትለኛለች።”

መልስ፦ ልጄ፣ ያ ምርመራ የአንቺን ችግር ሊያሳይ የሚችል ምርመራ አልነበረም።

ደም ሲቆም ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያቆም ጥቃቅን የደም ክፍል መጀመሪያ ከተቀደደው ደም ስር ጋር መጣበቅ አለበት። የሚያጣብቀው ፕሮቲን ቮን ዊልብራንድ ፋክተር ይባላል። ፕላትሌቱ ሞልቶ ማጣበቂያው ካነሰ ደሙ ይፈሳል። የተለመደው የመርጋት ምርመራ ይህን ላይዝ ይችላል። በስሙ ጠርተሽ መጠየቅ አለብሽ፦ “የቮን ዊልብራንድ ፋክተር መጠንና አሠራሩ፣ ከፋክተር ስምንት ጋር” በዪ፤ ፋክተር ስምንት ደም እንዲረጋ የሚረዳ ሌላ ፕሮቲን ነው። ስትጨነቂ፣ ስትታመሚ ወይም ስታረግዢ መጠኑ ከፍ ስለሚል አንዴ ደህና ቢመጣም ደግመሽ አሠሪ።

በዘር ከሚተላለፉት የመድማት ችግሮች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ግን ሴቶች ላይ ይደበቃል። ለምን መሰለሽ? እናት “የኔም እንዲሁ ነበር” ስለምትል ነው። እናትሽን እየወቀስኩ አይደለም፤ እሷም ሳትመረመር ኖራ ይሆናል። በሽታው ስሙን ያገኘው ከፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ዊልብራንድ ነው። ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች የአምስት ዓመት ልጅ አይቶ፣ ቤተሰቧን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1926 ጻፈ። እህቶቿም ይደሙ ነበር። ያቺ ልጅ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ ደም ፈስሷት ሞተች። ያኔ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ።

ለብዙዎቹ ዴስሞፕሬሲን የሚባለው ይበቃል። ሰውነት ያከማቸውን ፋክተር እንዲለቅ ያደርጋል። መጀመሪያ ተሞክሮ መሥራቱ ይታያል፤ በወሰድሽበት ቀን ውሃ አብዝተሽ አትጠጪም። ለነስሩም ለወር አበባውም ከላይ ያነሳሁት ትራኔክሳሚክ አሲድ ይረዳል። ይህን መድኃኒት ያገኙት ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው የታተመው። ኦካሞቶ የተነሱት በወሊድ ደም ፈስሷቸው የሚሞቱ እናቶችን ለማዳን ነበር። ይህን ክኒን ባዘዝኩ ቁጥር እሳቸውን አስባለሁ። ለከበደ በሽታ ራሱ ፋክተሩ በደም ስር ይሰጣል። ምርመራው እስኪደርስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትውሰጂ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሁን።

ጥያቄ፦ “27 ዓመቴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥተን ከምንጭ ጎንበስ ብለን ጠጣን። ከዚያ ወዲህ ቀኝ አፍንጫዬ ብቻ በቀን ሁለት ሦስቴ ጠብ ጠብ ይላል። ውስጡ የሚላወስ ነገር ያለ ይመስለኛል። እብድ እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም።”

መልስ፦ ተናገር። አልቅት ሳይሆን አይቀርም።

አልቅት ሲገባ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ አታየውም። ደም ጠጥቶ ነው የሚያብጠው። ሲነክስ አያምም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሂሩዲን የሚባል ነገር ስለሚለቅ ትንሽ ትንሽ እየደማህ ትቆያለህ። ሐኪሙ ያየህ እሱ ወደ ኋላ በተሸሸገበት ሰዓት ከሆነ ምንም አያገኝም። በዓለም ላይ በብዙ ቦታ ያለ ነገር ነው። በፔሩ አማዞን በኩል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2010 ታይራኖብዴላ ሬክስ የሚል ስም የወጣለት አዲስ የአልቅት ዝርያ የታወቀው ከአንዲት ልጅ አፍንጫ ወጥቶ ነው።

አንዲት ሴት እንዲሁ መጣችልኝ። ሁለት ሐኪም አይቷት ምንም የለም ብሏታል። ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ ፊቷን አስጠግታ እንድታቀረቅር አደረግኳት። ሁለታችንም ዝም አልን። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አንድ ጥቁር ጫፍ ብቅ አለ። ተመለሰ። ደግሞ ብቅ አለ፤ ውሃውን ነካ ነካ አደረገ። በሦስተኛው በመቆንጠጫ ያዝኩት። አልጎተትኩም፤ ይዤ ጠበቅኩ፤ ራሱ ለቀቀ። ሴትየዋ አየችውና፣ “ይኸው! ብያችሁ ነበር!” ብላ አለቀሰች።

አንተ ቤት ውስጥ አትሞክረው። ተጎትቶ ሲበጠስ የአልቅቱ አፍ አፍንጫህ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሾልኮም ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ ሊዶኬይን ረጭቶ ያደነዝዘዋል፤ ከዚያ ያወጣዋል። ከወጣ በኋላም ለጥቂት ሰዓት ሊደማ ይችላል፣ አትደንግጥ። ድምፅህ ከጎረነነ፣ ደም ካሳለህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። አብረውህ የጠጡትንም ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ “እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላት ዋርፋሪን ትወስዳለች። ለዓመታት ደህና ነበረች። በዚህ ሳምንት ግን በየቀኑ ይነስራታል። ግፊት ነው ይሉናል፤ ለክተን 130 በ80 ነው። ሌላ የጀመረችው ነገር የለም፤ ለሆዷ የታዘዘላት ሜትሮኒዳዞል ብቻ።”

መልስ፦ “ብቻ” ያልሽው እሱ ነው ምክንያቱ። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪንን፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርገዋል። መጠኑ ሳይጨመር ኃይሉ ይጨምራል። ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞልም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ አይ ኤን አር፣ ማለትም ደሟ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየው ምርመራ፣ ይለካላት፤ ነገ አትበሉ። ዋርፋሪኑን በራሳችሁ አታቁሙት፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ውሳኔው የሐኪሟ ነው፤ ግን ዛሬ ይወስን። ሰገራዋ ከጠቆረ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ስለ ግፊት በዚሁ ልመልስ፤ አራት ሰው ጠይቆኛል። ከፍ ያለ ግፊት የጀመረን ነስር ለማቆም ያስቸግራል። በየቀኑ የሚመጣ ነስርን ሁሉ በግፊት ማሳበብ ግን ሌላውን ምክንያት ይሸፍናል። ደም እያየ የደነገጠ ሰው ግፊቱ ይጨምራል፤ ያኔ የተለካው ቁጥር ብዙ አይናገርም። ሲረጋጋ ይለካ።

በደብዳቤ ባይመጣልኝም ሳልናገር የማላልፋቸው አሉ። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመትቶ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ድንገት በኃይል የሚነስረው ሰው፣ በተለይ አንድ ዓይኑ ከደከመ፣ አንጎል ሥር ያለው ትልቁ ደም ወሳጅ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ነስር፣ የአንድ ጆሮ መደፈንና አንገት ላይ የወጣ እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ ከአፍንጫ በስተኋላ ዕጢ አለ ወይ ተብሎ ይታይ። ከነስሩ ጋር ገርጥቶ፣ ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የማይደበዝዙ ነጠብጣቦች ከወጡ፣ ትኩሳትም ካለ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሲነስር በሚደረገው ነገር አሁንም ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልድገመው። ተቀመጡ። ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ቀና አትበሉ፤ ደሙ ወደ ሆድ ይወርድና ያስመልሳል። አጥንቱን ሳይሆን ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ። በአፍ ተንፍሱ። ሰዓት እያያችሁ 15 ደቂቃ። በመሃል ቆመ ወይ ብላችሁ አትልቀቁ፤ ከለቀቃችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ፣ ወይም ጉሮሮ ውስጥ እየወረደ ካስቸገረ ሐኪም ጋ ይኬዳል።

ጥያቄ፦ “የሦስት ዓመት ልጄ ከአንድ አፍንጫው ብቻ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ይወጣዋል። በጣም ይሸታል። ጉንፋን ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ታገስኩ።”

መልስ፦ ይቺን እናት የመጽሔቱን መውጣት ሳልጠብቅ ደብዳቤዋ በደረሰኝ ቀን ደውዬላታለሁ። በትንሽ ልጅ አንድ ወገን፣ ሽታና ደም ከተገናኙ አፍንጫው ውስጥ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። የፈራሁት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነበር። ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ሽፋኑን ያቃጥላል፤ ከቆየ መሃል ግድግዳውን ይበሳል። በዚያው ቀን ወሰደችው። ባትሪ አልነበረም። ከፍራሽ የተቦጨቀ የስፖንጅ ቁራጭ፣ አረንጓዴ የሆነ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ነበር። በአንድ ደቂቃ ወጣ። ማታ መልሳ ደውላ፣ “ዶክተር፣ አሁን ያለ ሽታ ተኝቷል” አለችኝ።